ሂና የፈሰሰበት ፍሪጅ

ናጅዋ የማስፈልፈያውን እጀታ ጨብጣ በሩን ልትስብ ስትል እጇ ቆመ። ነጅሙዲን አላየም፤ ገና ጉራውን አልጨረሰም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ከአሮጌ ፍሪጅ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠርቶ ጫጩት እንደሚሸጥ ሰምታ ልትገዛ ነው የመጣችው። ከደጅ ጀምሮ ሲያስተምራት ነበር። ሌሊት አምፖሎቹ ይበራሉ፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ውሃ እርጥበት ይሰጣል፣ ቀትር ላይ ግን የሮቢት ሙቀት ስለሚበቃ ሶኬቱን ነቅሎ በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ አሁንም ነቅሎታል። "ፀሐይዋን በነፃ አሠራታለሁ" አለ እየሳቀ። ዛሬ ደግሞ የእንቁላሎቹ መፈልፈያ ቀን ስለሆነ እጅ አይነካቸውም።

ናጅዋ እጀታውን እያየች ነበር። የፍሪጅ እጀታ አይደለም፣ የቁምሳጥን ነው፤ ነሐስ፣ ጠመም ተደርጎ የታሰረ። አጣዬ ሳሉ የፍሪጇ እጀታ ተሰብሮ ባሏ ሱሌይማን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከቁምሳጥናቸው ፈትቶ አስሮላት ነበር። ጠሟል ብትለው፣ ውሃው እንደሆን ጠሞ አይቀዘቅዝ ብሎ አስቋታል።

በሩን ከፈተችው። ውጪው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ውስጡን ማንም አልነካውም። እንቁላሎቹ ወንፊት ላይ ተደርድረዋል፣ አንዳንዶቹ ተሰንጥቀው ከውስጣቸው ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ጎንበስ ብላ ከወንፊቱ ስር አየች። ወለሉ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት አለ። ለልጇ ለሲሃም ኒካህ የተበጠበጠው ሂና የፈሰሰበት ነው፤ በሳሙናም በበረኪናም ብታሸው አልለቅ ብሏት የቀረ።

በዚህ ፍሪጅ ነበር አጣዬ መናኸሪያ አጠገብ ቀዝቃዛ ውሃና ጭማቂ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገችው። በአጣዬው ግጭት ቤቷ ሲቃጠል አብሮ የተቃጠለ መስሏት አልቅሳ ወጥቶላት ነበር። ለካ አልተቃጠለም። ሰው ተሸክሞ አውጥቶታል፣ ሰው ጭኖታል፣ ሰው ሸጦታል።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

ከቁራሌ ገዛሁት አለ። ቁራሌው ከየት እንዳገኘው አልጠየቀም፤ ያኔ ገበያው እንዲህ ባለ ዕቃ ተሞልቶ ነበር፣ ማንም አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ሲናገር አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ፍሪጁ የሷ መሆኑን ነገረችው፤ እጀታውንም ሂናውንም አሳየችው። ለምን ቀለም እንደቀባው ስትጠይቀው ዝጎ ነበር አለ። ነጭ እንደነበረና አንድም ዝገት እንዳልነበረው ነገረችው።

"ሞተሩስ?"

"ፈትቼ ሸጥኩት። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ እትዬ።"

ከዘራፊው ይልቅ ይሄ አንገበገባት። ዘራፊው በጥድፊያ ወስዶታል፤ ይሄ ግን ተረጋግቶ ተቀምጦ፣ ብሎን በብሎን እየፈታ፣ ዳግመኛ ውሃ እንዳያቀዘቅዝ አድርጎታል።

"የሰው ዕቃ መሆኑን አውቀህ ነው የቀባኸው" አለችው።

አልካደም። መሬት መሬት እያየ ይለማመጣት ጀመር። ጫጩቶቹ ይውጡ እንጂ ነገ ራሱ ቤቷ ድረስ ያመጣላታል፣ ካሻትም ግማሾቹን ጫጩቶች ትውሰድ። ናጅዋ ነገ የሚባለውን ነገር ከአጣዬ ወዲህ አታምንም። ደጅ ወጥታ በአስፋልቱ የሚያልፍ የአህያ ጋሪ አስቆመች።

"እትዬ፣ አሁን ከተወሰደ እኮ ያልቃሉ። ነፍስ አይደሉም እንዴ?"

"ሶኬቱን ራስህ ነቅለኸዋል። ፀሐይዋ ለኔም በነፃ ትሥራልኝ።"

"እንቁላሉ የኔ ነው።"

"አውጣዋ እንቁላልህን።"

ነጅሙዲን እጁን ወደ ወንፊቱ ሰደደ። ከአንዱ ቅርፊት ትንሽ ምንቃር ብቅ ብላ ትተነፍሳለች። እጁን መለሰ።

ባለጋሪው ፍሪጁን እንደ ጆንያ ሊያነሳው ሲል ነጅሙዲን ሮጦ ስሩን ደገፈለት። ቀጥ አድርገው አቁመው በገመድ አሰሩት። ናጅዋ ምስጋና አልወጣትም፤ በጋሪው ጎን ቆማ እጀታውን ያዘች፣ አየር እንዲገባም በሩን በጣት ያህል ገርበብ አደረገችው።

ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ነጅሙዲን የውሃ ጣሳውን ይዞ ከኋላ ተከተለ። ጎማው ድንጋይ በረገጠ ቁጥር ባለጋሪውን "ቀስ፣ ኧረ ቀስ በል" ይለዋል። በሰማችው ቁጥር ይብስ ትቃጠላለች። ከቤቷ በወጣ ቀን ለዚህ ፍሪጅ ቀስ ያለለት ሰው አልነበረም።

ሽንኩርት ተራው ጋ ሲደርሱ ውስጥ ያሉት ድምፃቸውን አንድ ላይ ለቀቁት። አንዲት ሻጭ ከሽንኩርቷ ላይ ቀና ብላ ምን እንደሚንጫጫ ጠየቀች።

"ፍሪጄ ነው" አለች ናጅዋ፣ እጀታውን ሳትለቅ።