አልዘጋም ያለው የካልሲየም በር

ሰው በትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና እንዴት ይሞታል? ዲና ይህን ጥያቄ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ድሬዳዋና ጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ የባቡር ተቆጣጣሪ፣ ጠንካራ ሰው ነበሩ። የማደንዘዣውን ጋዝ እንደሳቡ ሰውነታቸው ደረቀ፤ እንደ ቀትር ቆርቆሮ ጋሉ፤ በዚያው አረፉ።

መልሱን ዩኒቨርሲቲ ገብታ አገኘችው። በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም የሚጠራቀምበት ጎተራ አለ፤ ጎተራውም በር አለው። ትእዛዝ ሲመጣ በሩ ይከፈታል፤ ካልሲየሙ ይፈስሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። የአንዳንድ ሰው በር ግን ከተፈጥሮው እንከን አለበት። ያ ጋዝ ሲነካው ወለል ይልና አልዘጋም ይላል። ጡንቻው ዕረፍት ያጣል፤ ሰውየው ይነድዳል። እንከኑ ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል።

ስለዚህ ዲና አንገቷ ላይ የወጣውን እንቅርት በሻሽ ሸፍና ሰባት ዓመት ከሐኪም ሸሸች።

«በድሬ ሙቀት ሻሽ!» ይላታል ወንድሟ ሽመክት። «ኧረ አቦ፣ አስወጪውና ተገላገይ!»

«በሩስ?»

«እኔ ከተወለድኩ በር ዘግቼ አላውቅም፤ ይኸው አለሁ። እማዬን ጠይቂያት።»

እናታቸው ወይዘሮ የኔነሽ በዚህ ቀልድ አይስቁም። «አንቺ ምንም አትሆኚም» ይላሉ በየሳምንቱ። «ሂጂና ታከሚ።»

ዲናን ይህ ይቆጫታል። ሽመክት ባጃጅ ገልብጦ እግሩ የተሰበረ ጊዜ፣ እኚሁ እናት «ልጄን ሆስፒታል አላስተኛም» ብለው ወጌሻ ቤት ነው የከረሙት። ለወንዱ ሲሆን ትፈሪያለሽ ልትላቸው አስባ፣ እንደ ልማዷ ዋጠችው።

ዘንድሮ እንቅርቱ ትንፋሽ ይነሳት ጀመር። ሦስቱም ተያይዘው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ወጣቱ ሐኪም ቅጽ አወጣ። «ከቤተሰብ በማደንዘዣ የሞተ አለ?»

«አባቴ» አለች ዲና፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«የለም ብለህ ጻፍ» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።

«እማዬ!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አባቷ እንዲያ ከሞቱ እዚህ አልነካትም፤ ብትነድድ የማበርድበት መድኃኒት የለኝም። አዲስ አበባ እልካታለሁ። ወረፋው ስድስት ወር ነው።»

«ስድስት ወር በዚህ ትንፋሿ ትቆያለች?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።



«ዶክተር፣ እናታችን ከሐኪም ጋር መከራከር ትወዳለች» አለ ሽመክት። ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ የኔነሽ ተነሡ። የሽመክትን ክንድ ይዘው ወደ ጠረጴዛው አቀረቡት።

«ይህን ለእሱ ጻፍለት፤ የአባቱ ደም ያለው እሱ ጋ ነው። እሷን ወልደጻድቅ ያመጣት ከባቡር ነው። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወንበር ላይ ቀርታ አገኛት።»

ዲና ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች፤ በሐኪሙ ጥያቄ ፊት «የለም»፣ በአባት ስም ፊት «ወልደጻድቅ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።