አምባዛው የወጣ ቀን

የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ አምባዛ ዓሣ ለመራባት ከወንዙ ወደ ዳርቻው ሣር ይወጣል፤ መንደርተኛውም ቅርጫቱን ይዞ ይወርዳል። አንዲት ሴት ግን ውሃ ባየች ቁጥር ክፉ ክፉው ይታያታል። ትንሿ ልጇ አጁሉ፣ "እማ፣ እኔም ልምጣ" ብትላት፣ "አንቺ ቤት ቆዪ፤ እኔ አመጣልሻለሁ" ብላ ብቻዋን ወረደች።

ሣሩን ቢያስሱ ቢያስሱ አንድ ዓሣ እንኳ ጠፋ። ሴትየዋ አሥሬ ወደ ኋላዋ ትዞራለች።

"ምን ያቁነጠንጥሻል? ልጅሽን እንደሁ ቤት ትተሻታል" ብላ ጎረቤቷ ሳቀችባት።

ያኔ አንድ ሰው ከመንደሩ እየሮጠ መጣ። "እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ወንዙ ከላይ ዳሩን ጥሶ ሰፈር ገብቷል! ገና ይሞላል፤ አምባዛው ከየደጃችን በእጅ ይታፈሳል!"

ሁሉም በሳቅ ተነሣ። እሷ ግን ቅርጫቷን ጥላ ከሁሉም ቀድማ ሮጠች። ልጅቷ እንዳትከተላት በሩን ከውጭ ቆልፋባት ነበር የወጣችው።