የቀለበቱ ትምህርት

«በቁጥር ንገሪኝ» አሉ መምህር ኖ፣ ሚ-ራን ገና እግሯ ክፍሉን ከመርገጡ። «ፊትሽን እያየሁ መገመት አልፈልግም።»

ሚ-ራን የመጣችው ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን አንብቦ ሲጨርስ፣ «ከእኔ ይልቅ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላቸዋል፤ ተማሪያቸው ነሽ» ብሎ ወረቀቱን መልሶ ሰጣት። እሷም አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች። አሳንሰሩ ቶሎ እንዳያደርሳት ፈርታ።

«ከአሥራ አንዱ መድኃኒት አንድም አልሠራም» አለች።

«ባለፈው ሳምንት ባክቴሪያውን ይገድለው የነበረውስ?»

«እሱም፣ መምህር።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተተካላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበት ካመረቀዘ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ባክቴሪያው ደማቸው ውስጥ ከገባ ደግሞ አሥር ቀን። አንሶላው ሥር ያለው ሰውነታቸው የልጅ ያህል አንሷል።

ራስጌያቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው እትዬ ፓንግ የሩዝ ገንፎውን ማንኪያ አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ዕድሜያቸውን በሞክፖ ወደብ ደረቅ ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ፣ ድምፃቸው ገበያ ያቋርጣል የሚባልላቸው ሴት ናቸው። አሁን ግን በሹክሹክታ ነበር የጠየቁት።

«ባለፈው ሳምንት የሠራ መድኃኒት ዛሬ ምን ነካው?»

«ሥዪላት» አሉ መምህሩ።

ሚ-ራን የውጤቱን ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ላይ ክብ ሣለች። ክቡ ሞላላ ሆኖ ወጣ።

«እንቁላል ነው እንዴ ይሄ? እንዲህ እየሣልሽ ነው ያሳለፍኩሽ?»

ሚ-ራን ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። አጠገቡ ሌላ ክብ ሣለችና አስረዳች። «ይሄ ቀለበት ነው፣ እትዬ። ከባክቴሪያው ዋና ዘር ተለይቶ ለብቻው የሚኖር፣ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ ድርብ ክር። መድኃኒቱን የሚያከሽፈው ብልሃት የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ከጎረቤት ባክቴሪያ ነው የሚመጣው።»

«ተሰርቆ?»

«ተሰጥቶ» አሉ መምህሩ። «እነሱ እንደኛ ንፉግ አይደሉም።»

«አንዲት ቀለበት ገብታ ምን ታመጣለች?»

«ትባዛለቻ! አንድ ቆራጭ አላት። ከሁለቱ ክር አንዱን ቦታውን ለይቶ ይበጥሰዋል። ሚ-ራን፣ ቀስቱን ከዚያ ጀምሪ፤ አዎ። የተበጠሰው እየተተረተረ ሲወጣ በቦታው አዲስ ይፈተላል። እንደ ልቃቂት ነው፤ እየተሽከረከረ ክሩን ይለቃል፣ ግን አያልቅም። የወጣው ክር ደግሞ ጫፉን ይገጥምና ጥንድ ተሠርቶለት ሌላ ቀለበት ይሆናል።» ትንፋሽ አጠራቸው። ድምፃቸው ግን የክፍል ውስጥ ድምፅ ነበር፤ ሚ-ራን ይህን ድምፅ ከሰማች ሃያ ዓመት አልፏታል።

«ማቆሚያ የለውም?»

«አለው እንጂ! ውበቱስ እሱ አይደል? በበዛ ቁጥር የሚያግደውም አብሮ ይበዛል። ሃያ ገደማ ሲሞላ ረገብ ይላል። ያለልክ ከበዛ ያደረበትን ባክቴሪያ ያደክመዋል፤ ቤቱን ማፍረስ አይፈልግም።»

«ካንተ ይሻላል በለኛ» አሉ እትዬ ፓንግ። «አንተ መቼ በቃኝ ታውቅና! የልጅህን የሄ-ወንን ሠርግ በግማሽ ትተህ ላቦራቶሪህ የሮጥክ ሰውዬ።»

«ያሳደግኩት ባክቴሪያ ሊሞትብኝ ነበር፣ የሄ-ወን እናት።»

«ይኸው፣ አልሞተልህም።»

ባልና ሚስት ተያይተው ሳቁ። የመምህሩ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ። እትዬ ፓንግ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሱት።

«ዕድሜህን ሙሉ እሱ ላይ ስታፈጥ፣ የምታስቆምበትን መላ አላገኘህለትም?»

«እንዴት እንደሚባዛ አገኘሁ። ራሱ እንዴት እንደሚቆምም፣ በመጠኑ። እኔ እንዴት እንደማስቆመው ግን...» ጣታቸውን ከአንሶላው አንስተው መልሰው ጣሉት።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

«ጠይቄህ ነበር» አሉ እትዬ ፓንግ። «በተጋባን ዓመት። ከገበያ ገብቼ እጄን እየታጠብኩ፣ ቀኑን ሙሉ ምን ስታይ ትውላለህ አልኩህ። አይገባሽም አልከኝ።»

ሚ-ራን ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። ባለችበት መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

መምህር ኖ ወረቀቱን በአገጫቸው አመለከቱ። «አሁንስ ገባሽ?» አሉ።

«ገባኝ።» እትዬ ፓንግ የባለቤታቸውን ፊት ትክ ብለው አዩ። «መድኃኒት የለም ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ሲነገር ቀላል ነው እኮ። ያን ጊዜም ይገባኝ ነበር።»

«ይገባሽ ነበር» አሉ መምህሩ፤ እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

እትዬ ፓንግ ወደዚህ ክፍል የሚገባ ሁሉ እንዲያጠልቀው የሚታዘዘውን ጓንት አንድ በአንድ አወለቁ። ሚ-ራን መከልከል ነበረባት፤ ሥራዋ ነው። ጨው የሰነጣጠቃቸው ጣቶች የሽማግሌውን ግንባር ዳበሱ፤ መምህር ኖም ዓይናቸውን ከድነው ወደ እጁ ዘንበል አሉ።