የመቃ ጫማ

መቃ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ፊቱን መቀባት ያቆመች ዕለት ነው።

ፊት መቀባት እንደ መቃ ባለ ሰው አሳቂ ክላውን ቤት እንዲህ በዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ከተጋቡ ጀምሮ ነጩን ቀለም የምትለቀልቀው፣ ቅንድቡን ግንባሩ ላይ የምትሰቅልለት እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት ግን ብሩሹን አስቀመጠችና «ዛሬስ ራስህ ተቀባ፣ ልጅ አይደለህ» አለችው። በማግስቱም እንደዚያው።

ያን ሰሞን ከሚስቱና ድቡልቡል ከሚሉት ባልደረባቸው ጋር ሦስት ሆነው የጥንቱን የጀግና ግጥም በክላውን ጨዋታ ለመድረክ እያበቁ ነበር፤ ያንን ተማሪ ሁሉ በአርጩሜ የሸመደደውን ረጅም ግጥም። «እሱንም ቀልድ ሊያደርጉት!» ብሎ ያልተሳለቀባቸው የለም። መቃ ግን ዕድሜውን ሙሉ ያለመው ይህንኑ ነው። መርከቡ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሆነ፤ ባሕሩ የአልጋ አንሶላ፤ ሚስቱ ጥግ ቆማ አንሶላውን ታናውጠዋለች። ጀግናው ራሱ መቃ ነው፤ ቁመት እንጂ ሥጋ የማያውቀው ሰውነቱ ነው ቅጽል ስሙን ያወጣለት። የጠላት ጦር በሙሉ ደግሞ ድቡልቡል ነው። ይህ ወፍራም ባልደረባቸው ድስት ራሱ ላይ ደፍቶ ብቻውን ይከባል፣ ብቻውን ይሸሻል፣ ብቻውን ይማረካል።

ቀልድ የሌለው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው። ጀግናው ከስንት ዘመን በኋላ ተጎሳቁሎ አገሩ ይገባል። ማንም አይለየውም። ሚስቱ ብቻ ገና በሩን ሲያልፍ ታውቀዋለች፣ መድረኩን አቋርጣ ሄዳ ታቅፈዋለች። መቃ ይህን ሲያዘጋጅ የራሱን ሚስት እያሰበ ነበር። ትርኢቱ ቢወድቅ ሌላ ይሠራል፤ እሷን ቢያጣ ግን ምን እንደሚሆን አያውቅም።

ነገሩ እየተደራረበ ሄደ። ስታናግረው ዓይኗ እሱ ላይ አያርፍም፤ ትከሻውን አልፎ ግድግዳ ያያል። አንድ ቀን ገበያው ዳር ከፊት ለፊቷ መጥቶ እጁን ቢያውለበልብላት ዝም ብላው አለፈች። ክንዷ በድቡልቡል ክንድ ውስጥ ነበር፤ ያ ወፍራም ግን አይቶት ኖሮ ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ገበያ ላይ ማንን አየሽ?» አላት እራት ላይ።

«ማንንም።»

«ማንንም?»

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ» ብሎ ሳህኑን ገፋው።

ልምምድ በሌለበት ቀን «ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። መቃ ራቅ ብሎ ተከተላት። የግቢው በር ላይ ድቡልቡል ይጠብቃታል። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ልብስ ሰፊዋን አልፈው በቀጥታ ትርኢቱን ወደሚለማመዱበት አዳራሽ ገቡ። መቃም በጓሮ በር ገብቶ መጋረጃው ኋላ ተለጠፈ።

ያየው ነገር ደሙን አፈላው። ድቡልቡል የእሱን ጫማ ተጫምቷል! በክላውን ዘንድ የባልደረባን ጫማ ማድረግ ነውር ነው፤ ሚስቱን እንደመድፈር ነው የሚቆጠረው። ለዚያውም የመቃ ጫማ፣ ያ ክንድ የሚያክለው፣ ሶሉ ወለሉን ጧ ጧ የሚያደርገው! ድቡልቡል በዚያ ጫማ ጧ ጧ እያለ በመድረኩ በር ገባ። ሚስቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፈገግ አለች፤ መድረኩን አቋርጣ ሄዳም አቀፈችው።

«አሁንም አንድ ጊዜ» አለችው።

«እትዬ፣ ለጋሼ ብንነግራቸው አይሻልም?»

«እንዳትሞክራት! መጀመሪያ ትርኢቱ ይውጣለት። ከዚያ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

መቃ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። መንገደኛ እያየው እያለቀሰ ቤቱ ገባ። ይወዳታል፤ የከፋውም ለዚህ ነው።

የመክፈቻው ዕለት፣ እሁድ ከሰዓት፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው በሳፋው ሳቀ፣ በአንሶላው ሳቀ። ድቡልቡል ራሱን ከቦ ለራሱ እጁን ሲሰጥ፣ ግጥሙን በአርጩሜ ያስተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። መቃ ግን ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነበር። ሊሰድባት አልፈለገም። ምስጢሯ ላይ እንደደረሰ ትወቅ፣ ያውም ሰው ፊት፣ ዞር ማለት በማትችልበት ቦታ። የፈለገው ይህንን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ሊጀመር ሲል ከመጋረጃው ኋላ ጫማውን አወለቀና በድቡልቡል እግር ስር ወረወረው።

«እንካ፣ ለምደኸው የለ?»

ድቡልቡል ከቀለሙ ስር አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ በፈጣሪ! በኋላ ይግደሉኝ፣ አሁን ግን ያድርጉት!»

«አሁን ነው ጋሼ የሆንኩት?» አለው መቃ።

«ጋሼ፣ እትዬ እኮ...»

መቃ ስሟን ከእሱ አፍ መስማት አልፈለገም። ገፈተረውና በባዶ እግሩ መድረክ ላይ ወጣ።

ሚስቱ መሀል ላይ ቆማለች፤ መብራቱ ሙሉ በሙሉ እሷ ላይ ነው። ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ፈገግ ብላለች። መቃ እንደ ልምምዱ በሩ አጠገብ አልቆመም። ቀስ ብሎ፣ ኮሽታ ሳያሰማ ሄዶ ፊቷ ተገተረ። እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። ባዶ እግሩን አይታ እስክትደነግጥ ጠበቀ።

አልደነገጠችም። ፈገግታዋም አልጠፋም። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ሲረዝም ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ያኔ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ጣቶቿ ጆሮው አጠገብ አየሩን ዳበሱ።

«የኔ ጌታ፣ ገብተሃል?» አለች በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ዓይኑ ላይ እንደተከለች።