ሰማንያ ዘጠነኛው ቀን

ሽማግሌው ዳኛ ጡረታ ወጥተውም ሥራ አላጡም። የሁለት አገር ነጋዴዎች ሲዋዋሉ አንዱ የሌላውን ፍርድ ቤት ስለማያምን፣ ገና ሲፈራረሙ «ብንጣላ እገሌ ይዳኘን» ብለው ይጽፋሉ። እገሌ ብዙ ጊዜ እሳቸው ናቸው።

የአሁኑ ጠብ በከተማው ቆዳ ፋብሪካና በባሕር ማዶ ገዢው መካከል ነው። ከሳሹ ገዢው ነው። በውሉ መሠረት፣ ዳኛው በዘጠና ቀን ውስጥ ፈርመው ካልሰጡ ሥልጣናቸው ያበቃል፤ ጉዳዩም ወደ ተከሳሹ አገር ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ልጃቸው ገና ከመጀመሪያው፣ ፋብሪካው ተፈርዶበት ቢዘጋ ግማሹ ሰፈር ጦሙን እንደሚያድር ነግራቸው ነበር። ዳኛ ሰፈር የለውም ብለው አፏን አስያዟት።

ውሳኔው ተጽፎ አልቋል። ዓይናቸው ስለደከመ የጻፈችው ልጃቸው ናት፤ ከሁለቱ በቀር ለማን እንደተፈረደ የሚያውቅ የለም። የቀረው ፊርማ ነው። ዳኛው ግን ቶሎ አይፈርሙም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሳኔ ያሳድራሉ፤ ቀነ ገደቡ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው እንደገና አንብበው ይፈርማሉ። ጠበቆች ሁሉ ይህን ግትርነታቸውን ያውቃሉ፣ ይቀልዱበታልም።

በሰማንያ ሦስተኛው ቀን ከበራቸው ፊት ለፊት ግራጫ መኪና ቆመ። ውስጡ የገዢው ጠበቃ የላከው ሰው ተቀምጧል። በማግስቱም መጣ። ልጅቱ መጋረጃውን ዘጋች። ስልኩንም «ሳነሳው ዝም የሚል ሰው ነው» ብላ ነቀለችው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች እንድትፈርም አይፈልጉም። በር እንዳትከፍት።»

ዳኛው ፈሪ አልነበሩም። ያን ሰሞን ግን ትኩሳት ጣላቸው፤ ፈሩም። ልጃቸው በሰጠቻቸው መድኃኒት ላብ በላብ ሆነው ተኙ። ሲነቁ መኪናው አለ። ደግሞ ተኙ፤ ሲነቁም አለ። አንዴ ሰውየው በሩን ሲደበድብ ሰሙ። ልጅቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ብላ መለሰችው።

ዳኛው ስንተኛው ቀን እንደሆነ ጠየቋት።

«ሰማንያ ስምንት። ነገ ትፈርማለህ፤ አሁን ተኛ።»

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ውሳኔውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ፈረሙ። ልጅቱ እኔ ላድርሰው ብትል እምቢ አሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ማንም አላስፈራራቸውም። በሩን ከፍተው ቀጥ ብለው ወደ መኪናው ሄዱና መስታወቱን አንኳኩ።

«ይኸው፣ ፈርሜዋለሁ። አሁን ምን ታመጣለህ?»

ሰውየው ወርዶ ወረቀቱን ተቀበለ። የመጨረሻውን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ለእኛ ነው የፈረዱት» አለ ቀስ ብሎ። «ጌታዬ፣ እኔ አሥር ቀን ሙሉ የቆምኩት ይህንኑ ልቀበል ነበር። ልጅዎ በመጣሁ ቁጥር ‹ተኝተዋል› እያለች ትመልሰኛለች።»

ዳኛው ወደ ቤታቸው ዞር አሉ። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች።

«ዘጠናው ቀን ካለፈ ዛሬ ሦስተኛው ነው» አለ ሰውየው ከኋላቸው።