የመጨረሻው ምሰሶ

ይትባረክ በጥር ወር ከዚህች የጣሊያን ተራራማ መንደር ሲነሳ እህቱን በስልክ፣ «እታለም፣ ፈረንሳይ እንደገባሁ እደውላለሁ» ብሏት ነበር። ሰኔ ገብቶም አልደወለም። በረዶው ሲቀልጥ እህቱ ከሚላኖ መጣች። የድንበር ፖሊስ እንዳይሰማ ፈርታ ጎብኚ ነኝ አለችና አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ ቀጠረች።

ሽማግሌው ፏፏቴውንም ሐይቁንም አሳያት። እሷ ግን የምትቆመው የመንገድ ምልክት የተተከለበት ምሰሶ ስታይ ብቻ ነው። በየምሰሶው ላይ ጓንት ወይም የልጅ ኮፍያ ተንጠልጥሏል።

«ልማዳችን ነው» አላት። «የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው እዚያው አጠገብ ያለ ምሰሶ ላይ ይሰቅለዋል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ቢመጣ እንዲያገኘው።» ቆየት ብሎ ሳቀባት። «ሰው ተራራ ሊያይ ይመጣል፤ አንቺ የእኛን እንጨት ልታዪ መጣሽ!»

ከተራራው አናት፣ ከድንበሩ ድንጋይ አጠገብ በቆመው የመጨረሻ ምሰሶ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ታስሯል። ዳር ዳሩን በቢጫ ክር የጠለፈችው እሷ ናት።

«ደርሷል!» አለች በአማርኛ። «ወንድሜ እዚህ ደርሷል!» ተንበርክካ የድንበሩን ድንጋይ ሳመችው።

ሽማግሌው ቃሉ ባይገባውም ደስታዋ ተጋባበት። «ያንቺ ነው እንዴ? እኔ እኮ ነኝ የሰቀልኩት!»

«የት አገኙት?» አለችው በጣሊያንኛ።

«ከገደሉ ሥር፣ ወንዙ ዳር። እዚያ ምሰሶ ስለሌለ ይዤው ወጣሁ።»

በያዘው በትር ቁልቁል አመለከታት። ገደሉ ሰማንያ ሜትር ይወርዳል።