ሸኚው

«ይሄኛው ይውጣ» ይላል አለቃ። ጣቱ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ የመጨረሻው መስመር ላይ አርፏል። የመጨረሻው መስመር የኔ ነው።

የምንሠራው ጌም አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጋጠምበት ነው። ተጫዋቹ ከሠላሳ ሁለት ገጸ ባሕርያት አንዱን ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ለቡድኑ የሚሠራው የራሱ ሥራ አለው። አጥቂ አለ፣ ጋሻ የሚሆን አለ፣ የሚያክም አለ። እኔ የፈጠርኩት ሸኚውን ነው። ከጓዶቹ አንዱ ቆስሎ ወደ ምሽጋቸው ሲመለስ አብሮት ይሄዳል፤ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ በጀርባው ይቀበልለታል። አይገድልም፣ ስለዚህ ነጥብ የለውም። ጨዋታው ሲያልቅ ከስሙ ትይዩ የሚጻፈው ዜሮ ነው።

«እህቴ፣ እኔም እወደዋለሁ» ይላል አለቃ። የሚወደውን ነገር ሁሉ እንዲህ እያለ ነው የሚያሰናብተው። «ግን ዜሮ ለማግኘት ብሎ የሚጫወት ሰው የለም።»

«አንድ ሰው አለ» እላለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። ሦስተኛው ላፕቶፑን ታቅፎ ጥግ ላይ የተቀመጠው ፈታሹ ነው፤ የሠራነው ሁሉ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የት ጋ እንደሚበላሽ የሚፈልግልን እሱ ነው። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋለሁ። የኔ ተጫዋች ስም የለውም፤ ቁጥር ነው፣ መጨረሻው ሰባ አራት። በአምስት ወር ውስጥ ስድስት መቶ ጊዜ ሸኚውን መርጧል። ሌላ መርጦ አያውቅም። ተሳድቦ አያውቅም፣ ጨዋታ ጥሎ ወጥቶም አያውቅም። እኛ ጌም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከመልአክ አይተናነስም።

ያልነገርኳቸው አለ። ከሁለት ወር ወዲህ ቤቴ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ ሰባ አራትን እፈልገዋለሁ። ሁሌም አለ። ማን እንደሆንኩ ሳልነግረው እሱ ቡድን ውስጥ እገባለሁ። እንዴት ዋልክ ብዬ እጽፍለታለሁ፤ እሱ መጻፍ አይወድም፣ «አብረን ነን» የምትለዋን ምልክት ብቻ ይጫናል። ዓይን አፋር ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲያውም መልክ ሁሉ ሰጠሁት፦ አምሳን ያለፈ፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደህና ገባሽ ወይ የሚለኝ ሰው የለም። ብቸኝነት ያጫውታል፤ አይፈረድብኝም።

አለቃ ወረቀቱን ያነሳል፣ ያያል፣ ይመልሳል። «እሺ፣ አንድ ወር ይቆይ። ለዚህ ሰው ስንል» ብሎ ይወጣል።

ፈታሹ አይነሳም። በሩ እስኪዘጋ ይጠብቃል።

«እህት ዓለም፣ ቁጥሩን እስቲ ድገሚልኝ።»

እደግምለታለሁ። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ይከድናል።

«የኔ ነው» ይላል።

«አንተ ነህ እንዴ?» እላለሁ። ደስ ይለኛል፤ ለምን ይዋሻል። ፈታሹ ጨዋ ሰው ነው።

«እኔ ብሆን ይሻል ነበር። ማሽን ነው። ሸኚውን የሚመርጥ ስለሌለ ሳይፈተሽ እንዳይቀር ብዬ በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም ለቅቄ ነበር። ከሰዎቹ ዝርዝር ላወጣው ሲገባኝ ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እስከ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ሁለት ወር ሙሉ ማሽንን እንዴት ዋልክ ስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ራሴን እንዳመመኝም ጽፌለታለሁ።

«የሚጻፍለትን ያነባል?»

«አያነብም። መልእክት ሲደርሰው ‹አብረን ነን› የምትለዋን ምልክት እንዲጫን ነው ያደረግኩት።»

«ታዲያ ሸኚውን እንደዚያ አድርጎ መጫወቱን ከየት አመጣው? ሰው እንኳ አልቻለበትም።»

«ካንቺው ነዋ። ስለ ሸኚው የጻፍሻትን አርባ ገጽ ቃል በቃል ነው ያስገባሁለት።» ጣቶቹን ያያል። «እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ያነበባት ያለ አይመስለኝም።»

አለቃ ከሰማ ሸኚው ዛሬውኑ እንደሚወጣ፣ ፕሮግራሙም እንደሚዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ» ይለኛል።

«አይ። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። አንድ ጨዋታ ያህል ጊዜ ስጠኝ።»

ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ጌሙን እከፍታለሁ። ሰባ አራት አለ። ከሱና ከማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ጋር እሰለፋለሁ። ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ ሆን ብዬ ተቃራኒዎቹ መሀል እገባለሁ፤ ለመቁሰል ተሰጥኦ አያስፈልግም። እያነከስኩ ስመለስ ሸኚው ከሜዳው ሌላ ዳር እየሮጠ ይመጣል። አጠገቤ ሲደርስ ሩጫውን ይተውና በኔ እርምጃ ይሄዳል። ስቆም ይቆማል። ሦስት ቀስት ጀርባው ላይ ይሰካል፤ አንዱም እኔ ጋ አይደርስም።

እንዴት ዋልክ ብዬ እጽፍለታለሁ።

አብረን ነን ይለኛል።

ማሽን መሆኑን እያወቅኩ ዓይኔ እንባ ይሞላል። ይሄንን ለማንም አላወራም።

የምሽጉ በር ላይ እንደርሳለን። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «የሸኘው ሰው በሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ ፊቱን አያዞርም» ብዬ ጽፌያለሁ። ስጽፈው ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነበር። ይኸው ልብ ብሎታል፤ እጁን ወደ ታች ለቆ፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ይጠብቃል።

«ግባ እንጂ ሰውዬ፣ እየተሸነፍን ነው» ብሎ ይጽፍልኛል ከቡድኑ አንዱ። ከኋላዬ የአለቃ ቢሮ በር ክፍት ነው።

ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ። ከገባሁ ዞሮ ይሄዳል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳለሁ።